የአሜን ዕዳ

ሰኔ ሚካኤል ነው፤ ካፊያው አላባራ፣
ከግንቡ ሥር ባጃጅ ጭቃ ይዞት ሲያጓራ፣
ከፊት ሚካኤል ደጅ ቁልቁል እወርዳለሁ፣
ነጠላ መስቀልኛ አጣፍቻለሁ።
ጠዋት ያስተማርኩት እኔ ነኝ በማይኩ፣
ስለ መስጠት ነበር፤ ባልቴቶች ተነኩ።
አንዷ እንባዋን ጠርጋ ሳመችኝ ጉልበቴን፣
እኔም ወደድኩላት ያማረ አንደበቴን።

ከሆስፒታሉ ፊት፣ ፋርማሲው ደጃፍ ላይ፣
አንዲት ሴት ቆማለች፣ ወረቀቷን ስታይ፤
የበለሳ አፈር ጫማዋን አልለቀቀ፣
ልጇም በጀርባዋ በሳል የደቀቀ።

“ጌታዬ...” አለችኝ ነጠላዬን አይታ፣
ከኔ ይልቅ ጨርቄን አምና፣ ተመክታ።
“ግማሹን ከፈልኩት፣ ግማሹ ጎደለ፣
ባለ መድኃኒቱም አይሆንም እያለ...”
አልጨረሰችውም።

እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። አራት መቶ ብር አለኝ፣
እንደ ልጅ ጣቴን ይዞ “አታውጣኝ” የሚለኝ።
አፌ ግን ክፍት ነው፤ አፌ መች ይነጥፋል?
እንደ ቀሃ ክረምት ቃል በቃል ይጎርፋል፦
“እግዜር ይስጥሽ፣ እህቴ፤ ሚካኤል ይቁምልሽ፣
አስብሻለሁ በጸሎት፣ ልጅሽን ይማርልሽ።”

እሷም ጎንበስ አለች፤
“አሜን” አለች።
ሙሉ አሜን ነበረ፣ ስንጥቅ የሌለበት፣
ጠዋት መቶ አፍ ያለው ያልደረሰበት።

“ስሙን ልያዝ” አልኳት አንድ እግሬን አንሥቼ፣
ዝም ብዬ እንዳልሄድ ነውሩን ፈርቼ።
“ሰጠኝ ነው” አለችኝ።
“እሱማ ሰጥቶኛል፤ አራት ቀብሬ አምስተኛው ይኸው።
አሁን የጎደለኝ ሽሮፑ ብቻ ነው።”

ሽሙጥ የለበትም፤ ቅኔም አይደለም፤
ከቃሏ በስተጀርባ ሌላ ቃል የለም።
በቅኔ አገር አድጌ ወርቅ ስፈልግ በሰው፣
የኔን ሰም ሲያቀልጡት ከሥሩ ባዶ ነው።

ስንቴ ብዬው ኖሯል? በአርባዕቱ እንስሳ ደጅ፣
በሳሙና በር ጥግ፣ ለቆሎ ተማሪ ልጅ፣
ለዕውር፣ ለሽማግሌ፣ “እግዜር ይስጥ” እያልኩኝ፣
የራሴን ዕዳ ጽፌ ለሱ እየላኩኝ።
ለእማዋይሽ ጎረቤቴ፣ ቤቷ በጎርፍ ሲፈርስ፣
“አለንልሽ” ብያት ነበር፤ እስከ ዛሬ ድረስ
ያ “አለንልሽ” የት እንዳለ እኔም አላውቀው፤
ቆርቆሮም አልሆነ፣ ምስማርም አልወጣው።
ቃሉስ ምን አጠፋ? የጥንት ምርቃት ነው፤
የበር መቀርቀሪያ ያደረገው አፌ ነው።

ወዲያው አልተመለስኩም፤ ልናገር እውነቱን፣
አቋረጥኩ መንገዱን፣ አለፍኩ ሻይ ቤቱን፣
ሊስትሮው ጫማዬን ልጥረገው ቢለኝ፣
ያ “አሜን” ከኋላ እንደ አበዳሪ ተከተለኝ።
ፈርማበታለች ኮ!
እኔ ቃል አወጣሁ፣ እሷ ማኅተም አኖረች፣
ጽፌ ያልፈረምኩትን እሷ አምና ፈረመች።

ዞርኩ። ጭቃው ነጠላዬን ነካው።
“ስንት ነው የጎደለሽ?”
ይኸው ነው። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።
ግዕዝ የለበትም፣ ጥቅስም አላጀበው፣
ከጠዋት ጀምሬ ያልኩት እውነት ግን እሱ ነው።

“ሁለት መቶ ሠላሳ።”
ቆጠርኩ። በመስኮቱ ሽሮፑን አቀበለ፣
ሰጠኝ በጀርባዋ እንደገና ሳለ።
መረቀችኝ እሷ፣ ረጅም ምርቃት፤
“አሜን” ልል ፈለግሁ፤ አፌን ያዘኝ ዕፍረት።
ኪሴ ውስጥ አሁንም መቶ ሰባ ብር ቀረ፤
ስለ ማደሪያዋ ግን ማን ተናገረ?

ማታ ለጸሎት ቆሜ “ሰጠኝን...” ብል ገና፣
“የት ያድራሉ?” አለኝ ቃሉ ዞረና።
ነጠላዬን ሰቅዬ ጃንጥላ ፈለግሁ።
መብራት ጠፍቷል፤ ቁልቁል በጨለማው ወረድሁ።
የጀመርኩት ጸሎት
መንገድ ላይ ያልቅ ይሆናል።